80 ዶላር ለስንት በር? የአሜሪካ ፓርኮች ዓመታዊ የመግቢያ ካርድ በደቡብ ምዕራብ በረሃ

ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአሜሪካን ደቡብ ምዕራብ በረሃ በመኪና ሊያቋርጥ ላሰበ ሰው፣ ከመኪና ኪራይና ከሆቴል ቀጥሎ የሚመጣው ወጪ የፓርኮች መግቢያ ነው። ይህንን ወጪ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ተብሎ የሚሸጠው «አሜሪካ ዘ ቢዩቲፉል» የተባለው ዓመታዊ የመግቢያ ካርድ ሲሆን፣ ዋጋው ለአገሩ ነዋሪ 80 ዶላር ነው። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትን፣ የደን አገልግሎትንና የመሬት አስተዳደር ቢሮን ጨምሮ ስድስት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በሚያስተዳድሯቸው ከ2,000 በላይ በሆኑ ቦታዎች የመግቢያ ክፍያን ይተካል። እኛ ሰባት ጓደኛሞች ከላስ ቬጋስ ተነሥተን በዩታ በኩል እስከ ሞአብ ከተማ ሄደን፣ በናቫሆ ምድርና በግራንድ ካንየን አድርገን ስንመለስ መንገዳችንን በሙሉ የተጓዝነው በዚህ ካርድ ነው። ካርዱ ዋጋውን ከእጥፍ በላይ መልሶልናል። ይሁን እንጂ የዚህ በረሃ መሬት የአንድ ባለቤት ስላልሆነ፣ ካርዱ የትኛውን በር እንደሚከፍትና የትኛውን እንደማይከፍት ቀድሞ ያላወቀ ቡድን ወጪውን በግማሽ ብቻ አስልቶ ይነሣል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ለአንድ የግል መኪና ዛየን 35 ዶላር፣ ብራይስ ካንየን 35፣ ካፒቶል ሪፍ 20፣ አርችስ 30፣ ካንየንላንድስ 30፣ ግሌን ካንየን 30፣ ግራንድ ካንየን ደግሞ 35 ዶላር ያስከፍላሉ። ሲደመር 215 ዶላር ይሆናል። ሦስት ትልልቅ ፓርኮች ብቻ ያየ ሰው እንኳ 105 ዶላር ስለሚያወጣ ካርዱን መግዛት ያዋጣዋል፤ ሁለት ብቻ አይቶ ለሚመለስ ግን፣ በዓመቱ ውስጥ ሌላ ጉዞ ካላሰበ በቀር፣ አያዋጣም። ለሰባት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ከ12 ዶላር በታች ደረሰብን።

ነገር ግን ካርዱ በመንገድ ላይ የሠራልንን ነገር በገንዘብ ብቻ መለካት አይቻልም። በየኬላው ገንዘብ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ፣ የእኛን ሰው ጠባይ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚገምተው፣ በየበሩ «እኔ ልክፈል»፣ «በሞቴ ተው» የሚል ግብግብ ይነሣ ነበር፤ ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ ሰባት እጅ በአንድ መስኮት ሲሽቀዳደም በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። ካርዱ ይህን አስቀርቶልናል። ከዚያም በላይ፣ ክፍያው አስቀድሞ ያለቀ መሆኑ ለመንገደኛ ትልቅ ነጻነት ይሰጣል። ለአንድ ሰዓት ቆይታ 20 ወይም 30 ዶላር መክፈል ስለሚከብድ «ይለፈን» ይባሉ የነበሩ ቦታዎች ሁሉ የሚታዩ ይሆናሉ።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ካፒቶል ሪፍ ነው። አውራ ጎዳና 24 ፓርኩን በነጻ አቋርጦ ስለሚያልፍ ብዙ መንገደኛ በመስኮት አይቶት ወደ ሞአብ ይገሰግሳል። ክፍያ ያለው ከዋናው ጎዳና ተገንጥሎ ከቀይ ገደሉ ሥር ሥር በሚሄደው መንገድ ላይ ብቻ ሲሆን፣ እኛም ካርዱ ባይኖረን ኖሮ ወደዚያ አንታጠፍም ነበር። ፍሩታ በተባለው የቀድሞ መንደር፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሰፈሩ ሞርሞኖች የተከሏቸው የአፕል፣ የኮክና የቼሪ ዛፎች ዛሬም የፓርኩ ሠራተኞች እየተንከባከቧቸው ያፈራሉ። ፍሬው በደረሰበት ወቅት ጎብኚ ከዛፉ ቀጥፎ እዚያው ቢበላ አይከፍልም፤ ይዞ የሚሄደውን ግን መዝኖ ይከፍላል፤ ለዚህኛው ካርዱ አይሠራም። በበረሃ መካከል፣ ቀይ ገደል ከግራና ከቀኝ ቆሞ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ፍራፍሬ መብላት ከዚህ ጉዞ ሁሉ ለእኔ የበለጠውን ደስታ የሰጠኝ ነገር ነበር፤ ታላላቆቹን ፓርኮች ለሚወዱ ጓደኞቼ ግን ይህ አስተያየት አልተዋጠላቸውም።

ብራይስ ካንየንም በካርድ ሲጎበኝ ሌላ ነው። ፓርኩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አዲስ አበባን ይበልጣል፤ ሌሊቱም «በረሃ» የሚለው ስም ከሚያስጠብቀው እጅግ የቀዘቀዘ ነው። በዓመት ከ170 እስከ 200 በሚደርሱ ቀናት ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እየረጋና እየቀለጠ ዐለቱን ስለሚሰነጣጥቀው፣ እነዚያ ቀያይ ምሰሶዎች የተጠረቡት በውርጭ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጋቢ ይያዝ። ካርድ ያለው ሰው ማታ ፀሐይ ስትገባ አይቶ፣ ከፓርኩ ወጥቶ አድሮ፣ ንጋት ላይ ደግሞ ምሰሶዎቹ ሲቀሉ ለማየት ቢመለስ ማንም አይጠይቀውም። እውነት ለመናገር የአንድ ጊዜ ትኬቱም በአብዛኞቹ ፓርኮች ለሰባት ቀን ስለሚያገለግል ይህ የካርዱ ብቻ መብት አይደለም፤ ካርዱ የሚበልጠው ወረቀቱ የት ገባ እያሉ መኪናውን ከመፈተሽ በማዳኑ ነው።

ካርዱ የሚሸፍነው ማንን እንደሆነ በጥንቃቄ መረዳት ያስፈልጋል፤ ሻጮቹም ይህን በሚገባ አያብራሩም። ክፍያው በመኪና በሆነበት በር ካርዱ ባለቤቱንና በዚያው የግል መኪና ውስጥ ያሉትን ሁሉ ያስገባል። በሁለት መኪና የሚሄድ ቡድን ግን ሁለት ካርድ ያስፈልገዋል፤ «እሱም ከእኛ ጋር ነው» የሚባል ነገር የለም። እኛ ሁለት አነስተኛ መኪና ከመከራየት ይልቅ አንድ ሚኒቫን የመረጥንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በማኅበር፣ በዕድር ወይም በቤተ ክርስቲያን ስም አውቶቡስ ተከራይተው ለመሄድ የሚያስቡ ወገኖችም፣ ካርዱ ለግል መኪና እንጂ ለንግድ ተሽከርካሪ የተዘጋጀ አለመሆኑን ይወቁ። ክፍያው በሰው በሆነበት በር ደግሞ ካርዱ የሚያስገባው ባለቤቱንና ሌሎች ሦስት አዋቂዎችን ብቻ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነጻ ይገባሉ።

ይህ የሰው ቁጥር ገደብ በተለይ በዛየን ዋጋ አለው። በዛየን ዋናውን ሸለቆ ይዞ የሚገባው መንገድ በዓመቱ አብዛኞቹ ወራት ለግል መኪና ዝግ ሆኖ፣ ጎብኚው የሚጓጓዘው በነጻው ሻትል አውቶቡስ ነው። በፓርኩ ውስጥ ያለው የመኪና ማቆሚያ ረፋድ ላይ ስለሚሞላ፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው መኪናውን በስፕሪንግዴል ከተማ አቁሞ በእግረኛ በር እንዲገባ ይገደዳል። የእግረኛው ክፍያ በሰው 20 ዶላር ሲሆን ካርዱ አራት አዋቂዎችን ብቻ ይሸፍናል፤ ሰባት ለሆነ ቡድን ሦስቱ ውጭ ቀሩ ማለት ነው። መፍትሔው በማለዳ ተነሥቶ በመኪና በር መግባት ነው። በዚህ ረገድ ከመካከላችን የሌሊት ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን ባለውለታችን ነው፤ ሌላው ሰው በሚተኛበት ሰዓት መንቃት ለእሱ ሥራው ነው።

ካርዱ ጨርሶ ወደማይሠራባቸው ቦታዎች እንለፍ። የደቡብ ምዕራብ በረሃ በካርታ ላይ አንድ ወጥ ቡናማ መሬት ይምሰል እንጂ፣ የፌዴራል መንግሥት፣ የክፍለ ግዛቶች፣ የከተሞችና የነባር ሕዝቦች ይዞታ እየተጠላለፈ የተሠራ ነው። ከላስ ቬጋስ አንድ ሰዓት ያህል ርቆ የሚገኘው ቫሊ ኦፍ ፋየር የኔቫዳ ፓርክ በመሆኑ ለኔቫዳ ታርጋ 10 ዶላር፣ ለሌላው 15 ዶላር ያስከፍላል። በሞአብ አጠገብ ያለው ዴድ ሆርስ ፖይንት ከካንየንላንድስ ጋር የተያያዘ ቢመስልም የዩታ ነው፤ እዚያም ካርዱ ዋጋ የለውም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በፔጅ ከተማ አጠገብ ያለው ሆርስሹ ቤንድ ነው። የኮሎራዶ ወንዝ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የሚጠመዘዝበት ገደል አፍ ራሱ ካርዱ በሚሠራበት በግሌን ካንየን ክልል ውስጥ ሲሆን፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ግን የፔጅ ከተማ ነው፤ ከተማዋም ለአንድ መኪና 10 ዶላር ትቀበላለች። ገደሉ በካርድ፣ ማቆሚያው በጥሬ ዶላር! በሰባት ሰው ሲካፈል ቀላል ገንዘብ ስለሆነ አላማረርንም።

የናቫሆ ብሔር ምድር ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው፤ በተለየ ሐሳብም ሊጎበኝ ይገባል። የናቫሆ ሰዎች፣ ራሳቸውን ዲኔ ብለው የሚጠሩት፣ በአሪዞና፣ በዩታና በኒው ሜክሲኮ የተዘረጋ፣ ከበርካታ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚሰፋ ምድር ያስተዳድራሉ። የራሳቸው ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ አላቸው። በፎቶግራፍ ብዛት ዓለም የሚያውቀው ሞኑመንት ቫሊ ከ1958 ጀምሮ የናቫሆ ጎሳዊ ፓርክ በመሆኑ መግቢያው በሰው 8 ዶላር ነው፤ የፌዴራሉ ካርድም በዚያ በር ተቀባይነት የለውም። ከጓደኞቼ አንዱ ኬላው ላይ ካርዱን አውጥቶ ሲያሳይ፣ ሠራተኛዋ በትሕትና ግን በማያሻማ አነጋገር «ይህ የእኛ መሬት ነው» አለችው። ለእኔ ትክክለኛ መልስ ነው። የመሬት ነገር በአገራችን ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያውቅ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሞኑመንት ቫሊ ውስጥ ያለው የ27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ መንገድ አስፋልት አልለበሰም። ፒስታው አቧራማና ጎድጓዳ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የመኪና አከራዮች ደግሞ በውላቸው እንዲህ ባለው መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላሉ። እዚያ ጎማ የፈነዳበት ወይም የመኪናው ሆድ የተቀደደበት ሰው ኢንሹራንሱ ላይሸፍነው ይችላልና፣ ሚኒቫኑን በር ላይ አቁሞ ከናቫሆ አስጎብኚዎች ጋር በእነርሱ ክፍት መኪና መሄድ ይሻላል፤ እኛ ያደረግነውም ይህን ነው። በዚህም ለጎብኚ ያልተከፈቱትን የውስጥ መንገዶች ለማየት በቃን፤ ገንዘቡም የመሬቱ ባለቤቶች እጅ ገባ። አንቴሎፕ ካንየን ደግሞ ያለ ናቫሆ መሪ በፍጹም አይገባበትም። ጠባቡ ሸለቆ ከራሱ በላይ ባለ ደመና ሳይሆን ከሩቅ በዘነበ ዝናብ ሊሞላ የሚችል ሲሆን፣ በኦገስት 1997 ደራሽ ጎርፍ 11 ጎብኚዎችን እዚያ ውስጥ ገድሏል። ለመላው ቡድናችን የከፈልነው የአስጎብኚ ዋጋ ከዓመታዊው ካርድ ዋጋ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነበር። ሆኖም ብርሃኑ በድንጋዩ እጥፋት ላይ ሲወርድ ላየ ሰው ክፍያው አይቆጨውም፤ የሚያስከፋው ጉብኝቱ በችኮላ መካሄዱ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ቡድን ስለሚገፋ ቆሞ ማየት አይቻልም።

በዚህ አካባቢ ቀጠሮ ለያዘ ሰው የሰዓት ጉዳይ ከካርዱ ያላነሰ ያሳስባል። አሪዞና ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ አትቀይርም፤ የናቫሆ ብሔር ግን አሪዞና ውስጥ ባለው ምድሩም ይቀይራል፤ በናቫሆ ምድር የተከበቡት የሆፒ ሕዝቦች ደግሞ አይቀይሩም። ስለዚህ ሰዓት ወደፊት በሚገፋባቸው ወራት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዞ የስልኩ ሰዓት ሦስትና አራት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ሊል ይችላል። ጉብኝት ሲያስይዙ «በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይገባል። ናቫሆ ምድር ላይ የአልኮል መጠጥ መያዝም ሆነ መሸጥ የተከለከለ መሆኑንም በዚሁ አጋጣሚ ላስታውስ፤ የበረዶ ሳጥኑን ለሚያዘጋጀው ጓደኛ ቀድሞ ይነገረው።

በካርዱ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ ከቀጠሮ ጋር የተያያዘ ነው። 80 ዶላር የከፈለ ሰው በሩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንደሚጠብቀው ያምናል፤ እውነታው ግን እንዲህ አይደለም። በአርችስ ፓርክ ከ2022 እስከ 2025 በተጨናነቁት ወራት ለመግባት በሰዓት የተመደበ ቀጠሮ በ2 ዶላር ማስያዝ ግዴታ ነበር፤ ካርድ መያዝ ከዚህ አያድንም ነበር። በላስ ቬጋስ ደጃፍ ያለው ሬድ ሮክ ካንየንም ከኦክቶበር እስከ ሜይ ድረስ ተመሳሳይ ቀጠሮ ይጠይቃል። በዛየን ወደ ኤንጀልስ ላንዲንግ ጫፍ ለመውጣት ከ2022 ጀምሮ በዕጣ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የዕጣው ማመልከቻ 6 ዶላር ሲሆን፣ ዕጣው የወጣለት ደግሞ በሰው 3 ዶላር ይጨምራል። በአንድ ማመልከቻ መግባት የሚችሉት ስድስት ሰዎች ናቸው። እኛ ሰባት ነበርን። አንዱ ከፍታ ስለሚያስፈራው በራሱ ፈቃድ ቀረልንና ከአስቸጋሪ ምርጫ አዳነን። ካርዱን የሚሸጡት ቢሮዎች ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ አጠቃልለው ለገዢው ቢሰጡት ምን ችግር አለው?

ሌላው መነሣት ያለበት ጉዳይ የውጭ አገር ዜጎች ዋጋ ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የ80 ዶላሩ ዋጋ ለአሜሪካ ነዋሪዎች ብቻ ሆኗል፤ ነዋሪ ላልሆነ ሰው ዓመታዊው ካርድ 250 ዶላር ነው። ዓመታዊ ካርድ የሌለው የውጭ ጎብኚ ደግሞ ብዙ ሕዝብ በሚጎርፍባቸው 11 ፓርኮች ከመደበኛው መግቢያ በላይ 100 ዶላር በነፍስ ወከፍ ይጨምራል። በዚህ ጉዞ መስመር ላይ ከ11ዱ መካከል ግራንድ ካንየን፣ ዛየንና ብራይስ ካንየን ይገኛሉ። ለፈረንጅ አንድ ዋጋ፣ ለአገር ሰው ሌላ ዋጋ ማስከፈል በአገራችን ቅርሶችና ፓርኮች የቆየ አሠራር በመሆኑ ሐሳቡን ለመቃወም አንደበቴ አይፈታም፤ አሁን ግን «ፈረንጁ» ከአዲስ አበባ ልጁን ሊጠይቅ የመጣው አባት መሆኑ ነገሩን መራራ ያደርገዋል። ከአገር ቤት እንግዳ ይዞ የሚወጣ ሰው ይህን ቀድሞ በሒሳቡ ያስገባ።

በአንጻሩ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ላላቸው ወላጆች የተዘጋጀው ዕድል ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜው 62 የሞላ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የአረጋውያንን ካርድ በ20 ዶላር ለአንድ ዓመት፣ በ80 ዶላር ደግሞ ለዕድሜ ልክ ይገዛል። ይኸው ካርድ በብዙ የፌዴራል የድንኳን ማረፊያዎች የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ያሰጣል፤ የእኛ መደበኛ ካርድ ግን ለማደሪያ ምንም አያግዝም። እናትን ወይም አባትን ይዞ የሚሄድ ሰው ስለዚህ የራሱን ካርድ መግዛቱን ትቶ የእነርሱን ይግዛላቸው፤ መኪናው በእነርሱ ስም ይገባል፣ እነርሱም ከፊት ወንበር ላይ የክብር እንግዳ ይሆናሉ።

በአጠቃቀም ረገድ ጥቂት ነገሮች ልብ ይባሉ። ካርዱ ፎቶ ካለው መታወቂያ ጋር መታየት ስላለበት ባለቤቱ መኪናው ውስጥ መኖር አለበት። በስልክ የሚያዘውን ዲጂታል ካርድ የመረጠ ሰው፣ በበረሃው ውስጥ ለረጅም ርቀት ኔትወርክ ስለማይኖር፣ ከከተማ ሳይወጣ ስልኩ ላይ ያስቀምጠው። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ ለምሳሌ ዴዝ ቫሊ ከ2023 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ዴዝ ቫሊን ከጠቀስኩ ዘንድ፣ እዚያ እንደ ሌሎቹ ፓርኮች ኬላ ላይ የሚያስቆም ሰው ስለሌለ ብዙ ሰው ሳይከፍል ያልፋል፤ ካርድ ያለው ግን በንጹሕ ኅሊና ባድዋተር ድረስ ወርዶ ከባሕር ወለል 86 ሜትር በታች ይቆማል። የእኛው ዳሎል ከዚህም በታች ነው፤ ይህን ለጓደኞቼ ሳልነግር አላለፍኩም። በሙቀቱ ወራት ወደዚያ መሄድን ግን አልመክርም፤ በ1913 እዚያ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል።

ከፔጅ ወደ ግራንድ ካንየን የሚመጣ ሰው ካሜሮን በተባለችው የአሪዞና ሰፈር በኩል ታጥፎ በምሥራቁ በር፣ በዴዘርት ቪው፣ እንዲገባ እመክራለሁ። በደቡቡ በር ካርድ ያለውም የሌለውም በአንድ ረጅም ሰልፍ ሲጠብቅ፣ በዚህኛው እኛ ካርዱን አሳይተን ወዲያው አለፍን፤ ከ1932 ጀምሮ ገደሉ አፍ ላይ ከቆመው የድንጋይ ማማ ሥርም 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጠልቀውን ሸለቆ ያለ ግፊያ አየን። በፓርኩ መንደር በኩል ያሉት ሻትል አውቶቡሶች በነጻ ናቸው፤ የመጠጥ ውኃ መቅጃዎችም እንዲሁ።

ካርዱ የሚያገለግለው ከተገዛበት ወር ጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት የዚያው ወር መጨረሻ ድረስ ነው። ስለዚህ በወር መጀመሪያ የገዛው ሰው አሥራ ሦስት ወር ገደማ ያገኛል፤ በወር መጨረሻ መግዛት ግን ኪሳራ ነው። በኢንተርኔት ከመግዛት ይልቅ በር ላይ መግዛትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በፓርኩ በር ከተሰበሰበው ክፍያ ቢያንስ 80 በመቶው ለዚያው ፓርክ ጥገና ይቀራል። ከላስ ቬጋስ የሚነሣ ቡድን ወደ ዛየን ከመሄዱ በፊት በሬድ ሮክ ወይም በሌክ ሚድ በር ቢገዛው፣ ገንዘቡ በየሳምንቱ መጨረሻ ከልጆቹ ጋር ለሚዝናናበት ለራሱ ሰፈር ይውላል።